ከኋላ ወደ ፊት የተነበበ ጦርነት

መርሳ ላይ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኔ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ጎረቤታችን የግራና ከተማ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ እዚያ ያሉ አህዮች ዘመድ የጠራቸው እየመሰላቸው ይመልሱለታል። ሌላው አመሉ ደግሞ ከወረቀቱ ዳር የጣት ስፋት ያህል መብላቱ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሳባዛ የአባትን ስም ግማሹን ይቆርጠዋል፤ በዚህ የተነሳ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ግማሽ አባት ያለው ሰው ብዙ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማሽኑን ለማማት አይደለም። ኋላ የሚመጣው ጥፋት የኔ ብቻ እንዳይመስል ነው።

ታላቅ ወንድሜ እዚሁ መርሳ የአማርኛ መምህር ነበሩ። እኔንም ሰባተኛ ክፍል አስተምረውኛል። የመንግሥት ጠመኔ ግማሹ ሰሌዳው ላይ ሲያልቅ ግማሹ ግንባሬ ላይ አለቀ። ከእጃቸው የወጣ ጠመኔ ስቶ አያውቅም፤ አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄም እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ከተማው «መምህር» ይላቸዋል፣ እኔ «ጋሼ»።

ጡረታ ሲወጡ ሰባት ሳጥን መጽሐፍ ይዘው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ጦርነቱ በእኛ በኩል አለፈ፤ እኛም ሸሸን። ተመልሰን ስንገባ የወንድሜ ሰባት ሳጥን ባዶውን ነው። ቤታቸው ውስጥ ያደሩት ሰዎች ማገዶ አጥተው መጽሐፉን እያነደዱ ሻይ አፍልተውበታል። ወንድሜ አመዱን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና «ለመሆኑ ፈላላቸው?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢያቸው በር አልወጡም። ሰርግ ተጠሩ፣ አልሄዱም። ለቅሶ ተነገራቸው፣ አልደረሱም። መርሳ ላይ ለቅሶ የማይደርስ ሰው እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው፤ ሆኖም ለእሱ ሊያለቅስ የሚመጣ የለም።

እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ተቀመጡ። በሩን ያስከፈተችው ልጄ ናት።

ልጄ ወልድያ ነው የምትማረው። ምን እንደምትማር ብትነግረኝም በሁለተኛው ቃል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። በትርፍ ሰዓቷ ግን ማንጋ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ማንጋ ማለት ጃፓኖች የሚሠሩት በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ ሲናገሩ ከአፋቸው እንደ አረፋ ያለ ነገር ይወጣል፣ ቃሉ አረፋው ውስጥ ይጻፋል። እሷ የአረፋውን ቃል አጥፍታ አማርኛ ታስገባበታለች፣ በስልክ ትልክልኛለች፣ እኔ አባዝቼ እጠርዘዋለሁ። ጃፓኖቹ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እስካሁን መርሳ አልመጡም።

ታሪኩ የአንዲት ጨው ነጋዴ ልጅና የአንድ ዕውር ዘንዶ ነው። ልጅቱ ጨውዋን ዘንዶው ላይ ጭና ከአገር አገር ትዞራለች። ሃያ ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የሚደረገው ነገር ቢኖር መንገድ መሄድ፣ መከራከር፣ መብላትና አልፎ አልፎ በጠንቋይ መሞኘት ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ይመጣል፤ ድልድይ ጠባቂ ነው። በትክክል ሰላም ያላለውን ሰው አያሳልፍም። አንዱን መስፍን ሰላምታውን አሳጥሮ ተናገረ ብሎ ሦስት ቀን ዝናብ ላይ አቁሞታል።

ልጄ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለጋሼ ስትወስድላቸው «ከእንግዲህ መጽሐፍ ቤቴ አይገባም» አሏት።

«መጽሐፍ አይደለም ጋሼ፣ ሥዕል ነው» አለቻቸው።

ሥዕል ከሆነ መሐላቸውን አልሰበሩም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ቀና ስል ወንድሜ ደፉ ላይ ቆመዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሚኒስትር ቢለመኑ የማይወጡ ሰው! «ልጅቱ ዋሻው ውስጥ እንደገባች ቀረች። ሁለተኛው የት አለ?» አሉኝ። ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቢኖርም ባይኖርም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ በራፌ ላይ ከተቀመጠችው ወንበር ላይ ሆነው ስለ ድልድይ ጠባቂው ይነግሩኛል። «ይህ ሽማግሌ ሰው ነው» ይላሉ። ከሳቸው አፍ ይህን የመሰለ ምስጋና የወጣለት እኔ የማውቀው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሌላም አንባቢ አለን። ጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ አንዱ ነው። በልጅነቱ ቁርአን ማንበብ ተምሯል፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ እሱ ግን በአሥር ዓመት እበልጥሃለሁ ይላል። ሌላው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ድቁና ጀምሮ ዳዊት ላይ ሲደርስ ባጃጅ ጠራው። የጃፓን መጽሐፍ እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ነው የሚከፈተው። እኛ መጨረሻ የምንለው ለነሱ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ልጄ ባዘዘችኝ መሠረት በየመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ቀይ ቀስት አድርጌ «ከዚህ ጀምር» እጽፋለሁ። ባጃጅ ነጂው በቀስቱ እየተመራ ለመደው። ሰፊው ግን ቀስት አልፈለገም፤ እጁ በራሱ ሄደ። «ለኛ የተጻፈ ነው፤ እናንተን ነው ቀስት የሚመራችሁ» ይለናል።

ታዲያ አንድ ቀን ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ ሃያ አራተኛውን ጨረስኩት።»

«ምነው፣ ሌላው ወር የሚፈጅብሽ ይሄ በሦስት ቀን?»

«ቃል የለበትማ።»

«እንዴት ቃል የለበትም?»

«ጦርነት ነው። ከዳር እስከ ዳር ጦርነት ነው። የሚያወራ የለም፣ ሁሉም ይጋደላል። ሁለት መቶ ገጽ ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው።»

ሰው ሲጋደል ማውራት እንደሚቀር አውቃለሁና አልገረመኝም። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ድልድይ ጠባቂው ይሞታል አባዬ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ? ሃሎ?» አለች። እኔ ወደ በራፌ ወንበር እያየሁ ነበር።

«ይዘለል» አልኳት። «ከሃያ ሦስት ቀጥሎ ሃያ አምስት።»

«ሰው መቁጠር ይችላል እኮ።»

«አንዳንዱ ነው የሚችለው።»

«ጋሼ ይችላሉ።»

ይህን መካድ አልቻልኩም። እንደምትልክልኝ ነገረችኝ፤ «በምትሰጣቸው ጊዜ ግን ቀስ ብለህ አስጠንቅቃቸው» ብላ ዘጋችው።

ያን ዕለት መጽሐፉን ስጠርዝ ሐሳቤ ወንድሜ ላይ ነበር። ጦርነት ያለበት ነገር አሳይቼ ወደ ግቢያቸው ልመልሳቸው ነው፣ ደግሞ የሚወዱትን ሽማግሌ ሞት በእጄ ልሰጣቸው ነው እያልኩ። ሐሳብ የያዘው ሰው እጅ ደግሞ የለመደውን ይሠራል። ሠላሳ ዓመት የአማርኛ ነገር የጠረዘ እጄ፣ ያን የመሰለ ሽፋን የአማርኛ መጽሐፍ ሽፋን በሚለጠፍበት በኩል ለጥፎት ቁጭ አለ። በጃፓኖቹ ሒሳብ ሽፋኑ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ቀስቱንም ተውኩት፤ ሃያ ሦስት መጽሐፍ ያነበበ ሰው ቀስት አያሻውም ብዬ። የገጹን ቁጥር ደግሞ ማሽኑ በልቶታል። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የደረስኩበት። ያን ጊዜ ግን አጠራረዜን አይቼ «እንዲህ ነው እንጂ» ብያለሁ።

ማክሰኞ ጋሼ መጡ። መጽሐፉን በእጃቸው መዘኑት።

«ጋሼ፣ ጦርነት አለበት» አልኳቸው።

«ስንት ገጽ?»

«ትንሽ ናት።»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ።»

«መጽሐፉስ በጠቅላላው ስንት ገጽ ነው?»

«ሁለት መቶ።»

የደሴ አውቶቡስ ሞልቶ እስኪወጣ ድረስ ደፉ ላይ ቆሙ። ይመልሱልኛል ብዬ እጄን ዘርግቻለሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱትና «ደህና ዋል» ብለውኝ ሄዱ። ወንበሯ ላይ አልተቀመጡም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ነጂው ባጃጁን በአንድ ጎማው ደፌ ላይ አውጥቶ አቆመና ዘሎ ገባ። ሰፊው በዚያው ሰዓት ክር ሊለምነኝ መጥቶ ነበር፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ክር እንደሌለ ለሃያ ዓመት ነግሬዋለሁ፣ ሰው ለማማት መምጣቱን አያምንም።

«እንዲህ ያለ ጦርነት ታይቶ አይታወቅም!» አለ ባጃጅ ነጂው። «ገና ስትከፍተው ሬሳ ነው። በቃ የተነጠፈ ሬሳ። ሳይጀመር አለቀ ብዬ ልወረውረው ነበር። ገጹን ስገልጥ ግን አንዱ እግሩን አነሳ!»

«እግሩን?» አለ ሰፊው።

«እግሩን! ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ቀስቱ ከሰዉ ደረት እየተነቀለ ወደ ደጋኑ ይሄዳል። የሚነደው ቤት ጢሱን መልሶ ይውጠዋል። ሽማግሌያችን ከወደቀበት ተነሣ፤ ደሙ ወደ ቁስሉ ገባ፣ ቁስሉም ገጠመ። ሠራዊቱ ይህን ሲያይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ኋላ ሄደ! ፊቱን ሳያዞር! ንጉሥ ፊት የቆመ ሰው ጀርባውን ሳይሰጥ እንደሚወጣው፣ በአክብሮት ወደ ኋላ እየተራመደ አገሩ ገባ። ሽማግሌው ብቻውን ድልድዩ ላይ ቀረና ሾርባውን ጠጣ። አለቀ። እኔ ከዚህ የተሻለ ጦርነት አላየሁም።»

ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ።

«ያ አላህ! ይሄ ልጅ ጠጥቷል። ሽማግሌው እኮ ሞቷል!»

«ማን? እሱ? ኧረ ጋሽ ሰፊው፣ በቁሙ ሾርባ ሲጠጣ ነው የተውኩት!»

«ሾርባውን መጀመሪያ ነው የጠጣው! ጠጥቶ ሳይጨርስ ነው የመጡበት! ወላሂ ሲወድቅ እያየሁ ስሰፋ እንባዬ ዐይኔን ጋርዶኝ የሙሽራ ሱሪ አንዱን እግር ዘግቼዋለሁ። ሙሽራው ለመልበስ ሲል ወድቋል፤ ሄደህ ጠይቀው!»

«ሊሆን አይችልም። ተጽፏላ! ‹ተመለሱ› ይላል። በጠቅላላው ያለው ቃል እሱ ነው። ሠራዊቱ ተመለሰ ማለት ነው።»

«‹ተመለሱ› አላቸዋ! አዘዛቸው! መች ሰሙትና? ረግጠውት አለፉ!»

እኔና ሰፊው በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። የኔ አያት የሱ አያት እኅት ናት ብሎ የሚምል ሽማግሌ ከመርሳ አይጠፋም። እሱ ለፋሲካ ይመጣል፣ እኔ ለአረፋ እሄዳለሁ፣ የማንገናኘው ሥጋው ላይ ብቻ ነው። አሁን ግን በአንድ ሽማግሌ ሞትና ሕይወት ሱቄ ለሁለት ተከፈለ። ባጃጁ መንገድ ዘግቶ ከኋላው የቆመው ጋሪ ነጂ እንኳ ጉዳዩን ሳያውቅ «ሞቷል ከተባለ ሞቷል ነው» ብሎ ከሰፊው ጋር ወገነ።

ሁለቱንም መጽሐፍ አምጡ አልኳቸው። የባጃጅ ነጂውን ሳይ ምንም አልገባኝም። ሰፊው የሱን ሲያመጣ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሰፊው መጽሐፉ ሁሉ እንዳይቆሽሽበት በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ሃያ አራተኛውንም ከእጄ እንደተቀበለ አልብሶታል። ስለዚህ ሽፋኑ የት እንደተለጠፈ አላየም። እጁ እንደ ልማዱ ከቀኝ ከፈተለት፣ ጦርነቱን እንደተደረገው አነበበ። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ሽፋኑን አይቶ ከሽፋኑ ጀመረ፤ ጦርነቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አነበበ። ቃል ቢኖርበት ኖሮ በሁለተኛው ገጽ ይነቃ ነበር። ሬሳ ግን ከየት በኩል እንደሚነበብ አይናገርም።

በአጭሩ አንድ ሙሉ ሠራዊት ከሞት ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ያህል ጻድቅ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ለልጄ ደወልኩ።

«ሽፋኑን በየት በኩል ነው የለጠፍከው?» አለች ገና ሳልጨርስ።

«በፊቱ ነዋ።»

«በየትኛው ፊቱ?»

«መጽሐፍ ስንት ፊት አለው?»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «በል ሰብስብና እንደገና ጠርዘው። ለጋሼም ንገራቸው።»

«ለጋሼማ አልናገርም። እሳቸው ከሽፋኑ ነው የሚጀምሩት፤ ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። አሁን ቤታቸው ቁጭ ብለው ሰው ሁሉ ከሞት ሲነሣ፣ የተቃጠለ ቤት ሲድን እያዩ ነው። አንቺ ሄደሽ ልትገድይባቸው ነው?»

«ውሸት ነው አባዬ።»

«እኔ ምን ተናገርኩ? የዋሸው ሽፋኑ ነው።»

ባጃጅ ነጂውን በማርያም አስማልኩት፤ ማለ። ሰፊውን ላስምለው ስል «ካልጠየቁኝ አልናገርም፣ ከጠየቁኝ አልዋሽም» አለኝ። ወንድሜ ልብስ ሰፊን ምን ብለው ይጠይቃሉ ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰፊው በራፌ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ክር አልጠየቀኝም።

«ሱሪያቸውን ላጥብብላቸው አስጠሩኝ» አለ። «መምህር ከስተዋል።»

«እሺ?»

«ወገባቸውን ስለካ ‹አንተ ያን መጽሐፍ ከየት በኩል ነው የከፈትከው?› አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ከቀኝ አልኳቸው። ወላሂ ሌላ ምን ልበል? ሜትሩ ወገባቸው ላይ ነው፣ እንዴት ልሽሽ?»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ‹አጥብቀው› አሉ። ሱሪውን ነው መሰለኝ።»

እሁድና ሰኞ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ወንድሜ ጋ ሄጄ ልናገር እነሣለሁ፣ ደግሞ ሳልጠየቅ ለምን እናዘዛለሁ ብዬ እቀመጣለሁ። ለማክሰኞ ወንበሯን ሦስት ጊዜ ወለወልኳት። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የሉም። አራት ሰዓት ሆነ፤ የሉም። አንዲት ሴትዮ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ መጥታ ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ ስትል ጮህኩባት፤ የልጇን ውጤት ይዛ ወደ ሌላ ቤት ሄደች። በአምስት ሰዓት ሱቁን ዘግቼ ወደ ወንድሜ ቤት ሮጥኩ። በሃምሳ ዓመቴ መሮጤን የሚያምን ካለ ጉልበቴን ይጠይቅ።

ሚስታቸው በር ላይ በርበሬ ታሰጣለች።

«ጋሼስ?»

«አንተ ጋ አይደሉም እንዴ? ጫማቸውን አስጠርገውኝ፣ ኮታቸውን ለብሰው ማለዳ ነው የወጡት። መጽሐፉንም ይዘዋል።»

«እኔ ጋ አልመጡም።»

የያዘችው በርበሬ ከእጇ ወደቀ። እኔ ደግሞ የማላስበው ነገር አልቀረኝም። ሰው ለስንት ጊዜ ተሰብሮ ይነሣል እያልኩ ወደ መናኸሪያው ስመለስ ባጃጅ ነጂው አጠገቤ ቆመ።

«መምህርን ነው የምትፈልገው? እኔ ነኝ መናኸሪያ ያደረስኳቸው። የወልድያ ሚኒባስ ጋቢና ገብተዋል።»

«ወልድያ ምን ሊያደርጉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አትጠይቃቸውም?»

«መምህር እኮ ናቸው። የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።»

ልጄ ስልክ አታነሳም። የሚቀጥለው ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቅኩ፤ አንድ ሰው ጎድሎ ቀረና የጎደለው ሰው እስኪወለድ የምንጠብቅ መሰለኝ። ስሪንቃ ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ቤተ ዘመድ ከነፓፓያው ጫነ። ወልድያ ስደርስ ፓፓያ ታቅፌ ነበር፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።

አገኘኋቸው። ከልጄ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ውስጥ ናቸው። ሁለት ዓመት ከግቢያቸው ያልወጡት፣ ከዚያም ከሱቄ አልፈው የማያውቁት ወንድሜ፣ ሦስት ጠረጴዛ ገጥመው ሃያ አራተኛውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በትነው አስጥተውታል። የጠረዝኩት መጽሐፍ ተፈትቷል። ልጄ አጠገባቸው ቆማ ሽቅብ ቁልቁል ታያለች። አስተናጋጁ ሻይ የሚያስቀምጥበት አጥቶ ትሪውን እንደያዘ ያነባል።

«ና፣ ግባ» አሉኝ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ። «ጥፋተኛው መጣ።»

ፓፓያውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል፣ ትምህርት ላይ ነን። አንቺ ልጅ፣ ይህ ቃል ምንድን ነው?»

«‹ተመለሱ› ነው ጋሼ።»

«ማየትስ አያለሁ። ኀላፊ አንቀጽ ነው ወይስ ትእዛዝ?»

«ትእዛዝ ነው።»

«በምን ይታወቃል?»

«ቃለ አጋኖ አድርጌበት ነበር።»

«የት አለ?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። አስተናጋጁም ዞረ።

«ማሽኑ በላው» አልኩ።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ «የቤት ሥራዬን ጥጃ በላው» ብዬ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ነው ያዩኝ። በኪሳቸው ጠመኔ አለመኖሩን አመሰገንኩ።

«መጀመሪያ እንደ ሽፋኑ አነበብኩት» አሉ ጋሼ፣ ለሷ ነው የሚናገሩት። «ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ ሚስቴ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። ኋላ ግን ይህን ሥዕል ደጋግሜ አየሁት። ተመልከቺ፣ አፉን ከፍቷል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ሠላሳ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ጮኼያለሁ፣ አውቀዋለሁ። ሰው ‹እገሌና እገሌ ተመለሱ› ብሎ ወሬ ሲነግር የአንገቱ ሥር አይገተርም። የሚገተረው ሲያዝዝ ነው፤ ደግሞ እንደማይሰሙት ሲያውቅ። ሰፊውን ጠየቅኩት፣ ከቀኝ ነው የከፈትኩት አለኝ። ከቀኝ መልሼ አነበብኩት።»

«አዘኑ ጋሼ?» አለች ልጄ።

«አዎን፣ አዘንኩ። የማታዝኚበት ነው?»

አንድ ገጽ አነሡና ሽማግሌው የወደቀበትን ሥዕል ለብቻው አስቀመጡት፤ በመዳፋቸው አስተካከሉት።

«‹ተመለሱ› አላቸው፤ አልተመለሱም። ያልተመለሰውን ተመለሰ ብለሽ ልትጽፊልኝ አትችዪም። የተቃጠለውንም አልተቃጠለም አይባልም። ሰባት ሳጥን ነበር» አሉ። ቆጥረው ሲናገሩት የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ስለዚህ ቃለ አጋኖው ይመለስ። ደግሞ ትልቅ ይሁን፣ ማሽን የማይበላው።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

«የአባትሽ አጠራረዝ ስሕተት ነው» ብለው ወደኔ ዘወር አሉ። «ግን መጥፎ ስሕተት አልነበረም።»

እንዲህ ያለ ማርክ ከሳቸው አግኝቼ አላውቅም። «ፓፓያ ይብሉ» አልኳቸው። በላን፤ ሌላ ሁለት ጠረጴዛ በፓፓያ ፍሬ ተሞላ። አስተናጋጁም በላ። የፓፓያው ባለቤት ስሪንቃ ወይም ወልድያ ካለ፣ ይህን ሲያነብ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሰዓቴን አየሁና «ጋሼ፣ እንግዲህ የመርሳ መኪና ሳይሞላ እንሂድ» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«ቤትዎ ነዋ።»

«አንተ ሂድ። ይህች ልጅ ሃያ አምስተኛውን ጀምራዋለች፤ ቃል ሞልቶበታል። ብቻዋን ብተዋት ምን እንደምትጽፍ አየሁ እኮ።» መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሚስቴን ምሳ እንዳትጠብቀኝ በላት። ራትም እንጃ።»

«ብቻዎን እንዴት ይመለሳሉ?»

«በመጣሁበት መንገድ ነዋ። ሌላ መንገድ ተሠርቷል እንዴ?»

ልጄ ሳቋን ለመያዝ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ከሻይ ቤቱ ስወጣ ወንድሜ ከኋላዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «‹አስፈሪ ጭራቅ› ብሎ ነገር ምንድን ነው? የማያስፈራ ጭራቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉ፣ አስተናጋጁም «ኧረ እኔም አላየሁም!» ሲል ሰማሁ።

መናኸሪያ ደርሼ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «አባት፣ ብቻህን ነህ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩት። ይህን ቃል እንዲህ ደስ ብሎኝ ተናግሬው አላውቅም።